ይህን ፈንክሽን ማን ነው የሚጠራው?

ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ የተረከበ ፕሮግራመር ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ይህን ፈንክሽን ብነካው የት የት ይሰበራል?» በሌላ አነጋገር «ማን ነው የሚጠራው?» ማለት ነው። አብዛኞቻችን የፈንክሽኑን ስም ኮፒ አድርገን መፈለጊያው ላይ እንለጥፍና የመጣውን ዝርዝር እንደ መልስ እንቀበላለን። ዝርዝሩ የሚነግረን ግን ስሙ የተጻፈባቸውን ቦታዎች ነው። መጻፍና መጥራት ለየቅል ናቸው፤ ተጽፎ የማይጠራ ስም አለ፣ ስሙ የትም ሳይጻፍ የሚጠራ ፈንክሽንም አለ። በአማርኛ ሶፍትዌር ላይ፣ በተለይ የቀን መቁጠሪያችንን በሚነካ ኮድ ላይ፣ ልዩነቱ ሰፋ ብሎ ይታያል። ዛሬ ከአንድ ትንሽ ፕሮጀክትና ከሁለት ትልልቅ ኮድቤዞች እየጠቀስኩ ላሳያችሁ።

ትንሹ ፕሮጀክት የአንድ ዕድር አፕ ነው። እኔ ቀን ዌስትውድ ውስጥ ለእንጀራዬ ኮድ እጽፋለሁ፤ ማታና ቅዳሜ ደግሞ ይህን አፕ እጠግናለሁ። ከአባላቱ ብዙዎቹ የሚሠሩትም የሚገበያዩትም ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ የሎስ አንጀለስ ከተማ በ2002 እ.ኤ.አ. «ሊትል ኢትዮጵያ» ብላ በሰየመችው ሰፈር ነው። አፑን ከዓመታት በፊት አንድ በጎ ፈቃደኛ በፓይተን ጽፎ ወደ ሌላ ስቴት ሄዷል። ወርኃዊ መዋጮን በኢትዮጵያ ወር ይመዘግባል፣ ያልከፈለን ያስታውሳል፣ ሐዘን ሲኖር ለአባላት መልእክት ይልካል። በዕድሩ ደንብ ሦስት ወር መዋጮ የቀረበት አባል ሐዘን ቢደርስበት ገንዘቡን አያገኝም። ስለዚህ የአንድ ቀን ስህተት እዚህ ጋ ቀልድ አይደለም።

ስህተቱ ደግሞ ነበረ። ሰርቨሩ ቀን የሚቆጥረው በዩቲሲ ነው። በበጋ ሎስ አንጀለስ ከዩቲሲ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት (አሜሪካኖቹ 5 የሚሉት) ሲሆን ለሰርቨሩ ነገ ገብቷል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ማለትም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.፣ ከሥራ መልስ የከፈሉ ሰዎች መዝገቡ ላይ መስከረም 1 ቀን 2016 የከፈሉ ሆነው ተገኙ። ያለፈው ዓመት ሒሳባቸው እንዳልተዘጋ ተቆጠረ። የዕድሩ ጸሐፊ ስልክ ደውለው ጉዳዩን ሲነግሩኝ መጨረሻ ላይ «ልጄ፣ አስተካክለው፤ ብቻ የአርባውን ቀን እንዳትነካብኝ» አሉኝ። ይህች አረፍተ ነገር በኋላ ከየትኛውም ዶክመንቴሽን በላይ ጠቅማኛለች።

በፊደላችን የተጻፈ ስም መፈለግ

ቀኑን የሚቀይረው ፈንክሽን ስሙ «ወደ_ኢትዮጵያ» ነው። አዎ፣ በአማርኛ። ፓይተን ከ3.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ በፊደላችን የተጻፈ የፈንክሽን ስም ይቀበላል፤ ጃቫና ጃቫስክሪፕትም እንደዚሁ። ብዙ ሰዎች ይህን አይወዱትም። እኔ እወደዋለሁ። «ጳጉሜን»ን በላቲን ፊደል አምስት ዓይነት አድርጎ ጽፎ አምስቱንም ከመፈለግ ይሻላል።

ይሻላል ስል ግን ችግር የለውም ማለቴ አይደለም። ኮዱ ውስጥ «ዓመተ_ምሕረት» የሚባል ፈንክሽን አለ። ሌላ ፋይል ውስጥ «ዓመተ_ምህረት» አለ። ለእኔና ለእናንተ አንድ ቃል ነው፣ ለፓይተን ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች። ፓይተን ስሞችን ከማነጻጸሩ በፊት በዩኒኮድ ደንብ ወደ አንድ ወጥ ቅርጽ ያመጣቸዋል፤ ያ ደንብ ግን ሐን ከሀ፣ ሠን ከሰ፣ ዐን ከአ፣ ፀን ከጸ አያዋህድም። ሊያዋህድም አይገባም፣ በግእዝ እያንዳንዱ የራሱ ቦታ ያለው ፊደል ነውና። ስለዚህ የአማርኛ ስም ስፈልግ ሞክሼዎቹን በካሬ ቅንፍ ውስጥ አስገባቸዋለሁ፦ [ዓአዐኣ]መተ_ም[ህሕኅ]ረት። በዚህ ፍለጋ የመጣው ሁለተኛው ፈንክሽን የቆየ ቅጂ ሆኖ ተገኘ፤ እሱም «ወደ_ኢትዮጵያ»ን ይጠራል፣ የራሱ ጠሪዎችም አሉት።

ሁለተኛው ጉዳይ የቃል ወሰን ነው። «ወር» የሚባል ፈንክሽን ብቻውን ፈልጉልኝ ስንል መሣሪያው ቃሉ የት እንደሚያልቅ ማወቅ አለበት። በጃቫስክሪፕት ሬጀክስ ውስጥ የቃል ወሰን ምልክቱ የሚያውቀው የላቲን ፊደሎችን፣ ተራ አኃዞችንና የግርጌ ሰረዝን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ግራና ቀኙ ባዶ ቦታ የሆነውን «ወር» ከነወሰኑ ፈልግ ብትሉት ዓይኑ ሥር እያለ አያገኘውም። ሪፕግሬፕና ፓይተን በዩኒኮድ ስለሚሠሩ ያገኙታል። እነሱም ግን የግእዝ ቁጥር ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ጸሐፊ «ወር፩»፣ «ወር፪» እያለ ፈንክሽኖች ጽፏል። ለፓይተን ሬጀክስ ፩ የቃሉ አካል ነው፤ ለሪፕግሬፕ አይደለም፣ ስለዚህ «ወር»ን እንደ ሙሉ ቃል ስትፈልጉ «ወር፩»ም አብሮ ይመጣል።

በነገራችን ላይ ያ ሰው ከ«ወር፱» ቀጥሎ «ወር_አሥር» ብሎ ነው የጻፈው። ለምን እንደሆነ ለጥቂት ጊዜ ገርሞኝ ነበር። ዩኒኮድ ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን የግእዝ አኃዞች በስም መካከልና መጨረሻ እንዲገቡ በልዩ ዝርዝር ፈቅዷል፤ ፲ እና ከዚያ በላይ ያሉት ግን ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። «ወር፲» ብላችሁ ብትጽፉ ፓይተን ሲንታክስ ኤረር ይሰጣችኋል። ሰውዬው የቻለውን ያህል ሄዶ ግድግዳ ሲገጥመው ዞረ።

14 መስመርና የጎደለው ጠሪ

ወደ «ወደ_ኢትዮጵያ» እንመለስ። በጊት ግሬፕ ፈለግኩት፣ 14 መስመር መጣ። አንዱ ራሱ ፈንክሽኑ የተጻፈበት ነው። አራቱ ኮሜንት ናቸው። ሁለቱ ኢምፖርት፣ አንዱ ቴስት፣ አንዱ ስሙን ሰንጠረዥ ውስጥ ያስቀመጠ መስመር። ቀጥታ ጥሪ የሆኑት የቀሩት አምስቱ ብቻ ናቸው። ግሬፕ ይህን መለየት አይችልም፣ አይጠበቅበትምም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኬን ቶምሰን ቤል ላብስ ውስጥ ሲሠራው መስመር አንብቦ የሚመሳሰለውን እንዲያወጣ ነው፤ ኮድ እንዲረዳ አይደለም።

ኮዱን እንደ ኮድ የሚያነቡ መሣሪያዎች እዚህ ላይ ያግዛሉ። ማይክሮሶፍት በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው የላንጉጅ ሰርቨር ፕሮቶኮል አሁን ብዙ ኤዲተሮች ውስጥ አለ፤ ቪኤስ ኮድ ላይ ስሙ ላይ ቆማችሁ ሺፍትና ኤፍ 12 ስትጫኑ የሚሠራው እሱ ነው። ኢንተሊጄይ ላይ አልትና ኤፍ 7 ነው። ኮሜንቶቹን ጣላቸው። ግሬፕ ያላያቸውን ሦስት ጥሪዎችም ጨመረልኝ፤ አንዱ ፋይል ፈንክሽኑን ኢምፖርት ሲያደርግ «ቀይር» የሚል ሌላ ስም ሰጥቶት ነበርና እዚያ ፋይል ውስጥ የሚጠራው በዚያ ስም ነው። ሰንጠረዡም ግልጽ ሆነ፦ የሪፖርት ስም በግራ፣ የሚሠራው ፈንክሽን በቀኝ፤ ጥሪው የሚከናወነው የሰንጠረዡን ቀኝ በሚያነብ ሌላ መስመር ላይ ነው።

ስምንት ቀጥታ ጥሪ፣ አንድ ሰንጠረዥ። የአርባ ቀን መልእክት የሚልከው ኮድ ግን ከእነዚህ ውስጥ የለም። ጸሐፊው ባይነግሩኝ ኖሮ እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፤ ዝርዝሩ የተሟላ ይመስላል። አርባው ግን በኢትዮጵያ ቀን ነው ለአባላት የሚደርሰው፣ ስለዚህ የሆነ ቦታ መቀየር አለበት።

የተገኘው እዚህ ነው። መልእክት ላኪው የአባሉን የቀን መቁጠሪያ ምርጫ ከዳታቤዝ ያነባል፤ ምርጫው «ኢትዮጵያ» ወይም «ጎርጎርዮስ» የሚል ቃል ነው። ከዚያ «ወደ_» ከሚል ቁራጭ ጋር ይገጥመውና ፓይተንን «በዚህ ስም የተጠራውን ፈንክሽን አምጣልኝ» ይለዋል። ጌትአትር የሚባለው ነገር ነው። «ወደ_ኢትዮጵያ» የሚለው ሙሉ ስም ያ ፋይል ውስጥ አንድም ጊዜ አልተጻፈም። ግማሹ ኮድ ውስጥ፣ ግማሹ ዳታቤዝ ውስጥ ነው ያለው። ይህን የትኛውም የጽሑፍ ፍለጋ፣ የትኛውም ላንጉጅ ሰርቨር አያገኘውም።

ትልልቆቹም እንዲሁ ናቸው

ይህ የጀማሪ አሠራር አይምሰላችሁ። ስልካችሁ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ የሚሠራውም በተመሳሳይ መንገድ ነው። አይሲዩ የሚባለው የዩኒኮድ ላይብረሪ አንድሮይድ ውስጥም ክሮም ውስጥም አለ፤ የኢትዮጵያን ቀን የሚያሰላ ክላስ አለው። ያንን ክላስ ማን እንደሚፈጥረው ብትፈልጉ የምትደርሱት የቀን መቁጠሪያዎች ስም በጽሑፍ የተደረደረበት ሰንጠረዥ ላይ ነው፦ ጎርጎርዮስ፣ ጃፓን፣ ዕብራይስጥ፣ ኮፕቲክ፣ ኢትዮፒክ እያለ ይሄዳል፤ ኢትዮፒክ በዓመተ ዓለም የሚባልም ለብቻው አለ፣ ከዓመተ ምሕረት 5500 ዓመት የሚበልጠው። ስሙ የሚመጣው ተጠቃሚው ከመረጠው የቋንቋ መለያ ነው። ማለትም የዚያ ክላስ ጠሪ በመጨረሻ የስልክ ሴቲንግ ውስጥ የገባ ሰው ነው።

ክላሱ ከተፈጠረ በኋላም እንደዚያው ነው። የኢትዮጵያውን ቀን፣ ወርና ዓመት የሚያወጣው ፈንክሽን ቨርቹዋል ነው፤ የሚጠራው የሁሉም ወላጅ የሆነው አጠቃላይ የካሌንደር ክላስ ነው። በዚያ መስመር ላይ «ኢትዮጵያ» የሚል ቃል የለም፣ የትኛው መቁጠሪያ እንደሚጠራ የሚወሰነው ፕሮግራሙ ሲሮጥ ነው። ሒሳቡን የሚሠራው የውስጥ ፈንክሽን ደግሞ ከኮፕቲክ ጋር የጋራ ነው። ሁለቱ መቁጠሪያዎች 12 ባለ 30 ቀን ወርና ባለ 5 ወይም 6 ቀን ጳጉሜን አላቸው፤ ልዩነታቸው የዓመቱ መነሻ ነው፣ 276 ዓመት። ስለዚህ ለኢትዮጵያ ብሎ ያንን ፈንክሽን የነካ ሰው የግብፅ ኮፕቶችን ቀን ነክቷል። ጠሪዎቹን ሳያይ የሚያስተካክል ሰው የሚያመጣው ችግር የት ድረስ እንደሚሄድ ከዚህ በላይ ምሳሌ አላውቅም።

ኢማክስን የምትጠቀሙ ደግሞ የካሌንደሩን ገጽ ከፍታችሁ ፒ እና ኢ ብትጫኑ የኢትዮጵያን ቀን ያሳያችኋል። ይህን የሚያሳየው ፈንክሽን ከቁልፎቹ ጋር የታሰረው በስሙ ብቻ ነው፤ የጥሪ ቅንፍ አጠገቡ የለም። በሊስፕ ልማድ «ቅንፍ ክፈት፣ ስሙን ጻፍ» ብሎ የሚፈልግ ያንን መስመር ያልፈዋል። ስሌቱም የሚገኘው ኮፕቲክ በሚለው ፋይል ውስጥ ነው፦ የኢትዮጵያዎቹ ፈንክሽኖች የዘመኑን መነሻ ለጊዜው በእኛው ይተኩና የኮፕቲኩን ፈንክሽን ይጠራሉ። እንዲህ ዓይነቱን ኮድ አጭርና ቆንጆ ነው ብዬ አደንቃለሁ፤ ልጠግነው ስል ግን አድናቆቴ ይቀንሳል።

ሲሮጥ መያዝ

በንባብ የማይገኝ ጠሪ ሲሮጥ ይያዛል። «ወደ_ኢትዮጵያ» ውስጥ በተጠራ ቁጥር ጠሪውን ፋይልና መስመር ሎግ ላይ የሚጽፍ ትሬስባክ አስገባሁ። ሁለት መስመር ኮድ ነው። መልእክት ላኪውን የያዝኩት በሁለተኛው ቀን በዚህ ነው።

ሎግ ግን የሚያሳየው የተጠራውን ነው፤ ገና ያልተጠራውን አያሳይም። ዕድር በወር ይሠራል፣ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሙሉ የኢትዮጵያ ወር ጠበቅኩ። የዓመቱን ሒሳብ የሚዘጋው ኮድ ደግሞ የሚሠራው ጳጉሜን ላይ ብቻ ነው። ለእሱ መስከረምን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ፓይተን ላይ ፍሪዝገን የሚባል ላይብረሪ አለ፣ ለፕሮግራሙ የውሸት ሰዓት ይሰጠዋል። ሰዓቱን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል የሎስ አንጀለስ ላይ አቁሜ ሙሉውን የዓመት መዝጊያ ሥራ አስኬድኩት። ሎጉ ላይ አንድ አዲስ ጠሪ ብቅ አለ፤ በዓመት አንዴ የሚሠራ ነው። ቀደም ብሎ የተሰረዘ ጠሪ እንደነበረ ለማየት ደግሞ የጊት ሎግን በኤስ ምርጫው አስኬድኩት፤ አንድ ስም በታሪኩ ውስጥ የተጨመረበትንና የተቀነሰበትን ኮሚት ያወጣል። ኮሚት ሜሴጁ ብዙ ጊዜ «ማስተካከያ» ብቻ ቢሆንም ቀኑ ራሱ ይናገራል።

ከኮድቤዙ ውጭ የሚመጣ ጥሪም አለ። የስልኩ አፕ ሰርቨሩን «የዛሬ ቀን በእኛ ስንት ነው?» ብሎ በኔትወርክ ይጠይቃል፤ ያ ጥያቄ ሰርቨሩ ላይ ሲደርስ ይህንኑ ፈንክሽን ያስነሳል። ጠሪው ሌላ ማሽን ላይ ስለሆነ ሪፖው ውስጥ አይገኝም። (ከምሠራበት ብዙም የማይርቀው የዩሲኤልኤው ቦልተር አዳራሽ፣ ኦክቶበር 29 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የአርፓኔት መልእክት ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የተላከበት ነው። «ሎግን» ሊጽፉ ሁለት ፊደል እንደደረሱ ወዲያኛው ማሽን ወደቀ። የሩቅ ጠሪ ገና ከመጀመሪያው እንዲህ ነበር።) እንዲህ ያለው ጠሪ የሚገኘው የዌብ ሰርቨሩ የጥያቄ መዝገብ ላይ ነው፦ የትኛው አድራሻ፣ ከየትኛው የአፕ ቨርዥን፣ በስንት ሰዓት።

ዝርዝሩ ተሟልቶ ሲታይ የጸሐፊው ማስጠንቀቂያ ምን ማለት እንደነበር ገባኝ። መዋጮ መዝጋቢው የሚፈልገው የሎስ አንጀለስን ቀን ነው፣ ከፋዩ እዚህ ነውና። አርባ ቆጣሪው ግን የሚፈልገው ሟቹ ያረፈበትን ቦታ ቀን ነው። አዲስ አበባ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ያረፈ ሰው፣ እዚህ በበጋ ገና ያለፈው ቀን ማታ 4 ሰዓት ነው። ፈንክሽኑን «ሁሌም በሎስ አንጀለስ ሰዓት አስላ» ብዬ ብቀይረው መዋጮው ይስተካከላል፣ የአርባው መልእክት በአንድ ቀን ይቀድማል፤ ቤተሰቡም እዚያ ያለው ዘመድ ከሚያውቀው የተለየ ቀን ይደርሰዋል። የዩቲሲው ቀን ለዚያ ሰዓት ሞት በአጋጣሚ ትክክል ይሰጥ ስለነበር እስካሁን ማንም አላጉረመረመም። በአዲስ አበባ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ላረፈ ሰው ግን እሱም ይሳሳታል።

ስለዚህ ፈንክሽኑ አሁን የከተማ ስም ይቀበላል፣ ነባሪ ዋጋ የለውም። ከተማ ያልነገረው ጠሪ ወዲያው ይወድቃል፤ ይህን ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት፣ ምናልባት ያላየሁት ጠሪ ቢኖር በዝምታ የተሳሳተ ቀን ከሚወስድ ጮሆ ቢወድቅ ይሻላል። «ዓመተ_ምህረት» በህው ተሰርዞ ጠሪዎቹ ወደ በሐው ተዛውረዋል። ቴስቱ ላይ ደግሞ ቀጣዩን ባለ 6 ቀን ጳጉሜን ጨምሬያለሁ፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 እ.ኤ.አ.፣ አንዴ በሎስ አንጀለስ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ አንዴ በአዲስ አበባ ሌሊቱን።

የቀረው የስልኩ አፕ ነው። የጥያቄ መዝገቡ ላይ ሁለት ስልኮች አሁንም በአሮጌው ቨርዥን ይጠራሉ፤ አሮጌው ቨርዥን ከተማ አይልክም። ለእነሱ ስል የድሮውን አድራሻ አልዘጋሁትም፤ ከተማ ሳይላክ ሲቀር እሱ ብቻ ሎስ አንጀለስን ይሞላል፣ በየቀኑም ስንት ጊዜ እንደተጠራ ይቆጥራል። ቁጥሩ ለአንድ ሙሉ ወር ዜሮ ሲሆን ይነሳል።